የኮሌጆች አገር አቋራጭ፦ ቅዳሜ ማዲሰን ላይ ማን ይወስዳል? ግምታችሁን ከሩጫው በፊት አስቀምጡ

ጃንሜዳ ልጅ | ኅዳር 12፣ 2017

ሰላም ለዚህ ቤት። እንኳን ለኅዳር ሚካኤል አደረሳችሁ። ሰፈሩ በጭስ ታፍኗል፣ እኔም ቤት ተዘግቶብኝ ይህን ክር ከፈትኩ።

ቅዳሜ የአሜሪካ ኮሌጆች አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ማዲሰን፣ ዊስኮንሲን ላይ ይካሄዳል። ሴቶቹ 6 ኪሎ ሜትር፣ ወንዶቹ 10 ኪሎ ሜትር። አምና ሁላችሁም ነቢይ የሆናችሁት ውጤቱ ከወጣ በኋላ ነው። ዘንድሮ ቀድማችሁ ጻፉ። ጽፎ ያጠፋ ሰው ስሙ ይነሳል።

የእኔን ላስቀድም።

ወንዶች በግል፦ ግርሃም ብላንክስ ከሃርቫርድ ወይም ሀብቶም ሳሙኤል ከኒው ሜክሲኮ። ሦስተኛ ሰው አይታየኝም። አምና ቨርጂኒያ ላይ ብላንክስ በ28:37.7 አንደኛ ገባ፣ ሀብቶም በ28:40.7 ተከተለው። ሦስት ሰከንድ ብቻ። ከዚያ ወዲህ ብላንክስ ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ የ5,000 ሜትር ፍጻሜ ሮጦ 9ኛ ወጥቷል። ሀብቶም ደግሞ በግንቦት መጨረሻ ዩጂን ላይ የኮሌጆቹን 10,000 ሜትር ወስዷል። ልቤ ሀብቶም ይላል። ግምት ግን በልብ አይሆንም፤ ብላንክስ ብያለሁ።

ሴቶች በግል፦ ዶሪስ ሌምንጎሌ ከአላባማ። አምና ከፓርከር ቫልቢ ቀጥላ ሁለተኛ ነበረች። ቫልቢ ፕሮፌሽናል ሆናለች፣ የካቻምናዋ ሻምፒዮን ኬትሊን ቱሂም እንደዚሁ። መንገዱ ክፍት ነው። ደግሞ ዶሪስ የኮሌጆቹ የ3,000 ሜትር መሰናክል ሻምፒዮን ናት፣ በ9:15.24። ዳገት እግር አላት።

ቡድን፦ በወንዶችም በሴቶችም ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ። ኦክላሆማ ስቴት በወንዶች አምና በ49 ነጥብ ጠራርጎ ወስዷል፣ አውቃለሁ። እኔ ግን የምፈርደው ፊት ያለውን ሯጭ አይቼ አይደለም። አምስተኛውን አይቼ ነው። ብሪገም ያንግ ሰባቱም ልጆች ቢቀያየሩ ብዙ የማይጎዳ ቡድን ነው።

በሉ አምጡ።

አልጀመርኩም | ኅዳር 12

ይቅርታ፣ እኔ ለሩጫው አዲስ ነኝ። ወንድሜ ነው ሊንኩን የላከልኝ። 49 ነጥብ ብዙ ነው ትንሽ? አምስተኛው ሯጭስ ምን አገባው? አንደኛ የወጣው አላሸነፈም እንዴ?

ጋሽ ሰዓት ያዥ | ኅዳር 12

የኔ ልጅ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። ወንድ ከሆንክም ይቅርታ፣ ስምህ አይናገርም።

ነጥቡ ደረጃው ራሱ ነው። አንደኛ የገባ 1፣ ሃያኛ የገባ 20። ድምሩ ያነሰ ያሸንፋል። ቡድኑ ሰባት ሯጭ ያሰልፋል፣ ቀድመው የገቡት አምስቱ ይቆጠራሉ። ስድስተኛውና ሰባተኛው አይደመሩም። ግን ከባላጋራው አምስተኛ ሯጭ ቀድመው ከገቡ የእሱን ነጥብ ከፍ ያደርጉበታል። በዓለም አገር አቋራጭ የለመድነው የአራት ሰው ድምር ነው። እዚህ አንድ ሰው ሲጨመር ነገሩ ሁሉ ይለወጣል።

ምሳሌ ልስጥ። አንድ ቡድን 1፣ 2፣ 3፣ 4 ሆኖ ቢገባና አምስተኛው ልጅ መቶኛ ቢወጣ ድምሩ 110 ነው። ሌላው 18፣ 19፣ 20፣ 21፣ 22 ሆኖ ተያይዞ ቢገባ ድምሩ 100። ዋንጫው የሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ቡድን አራት ሰው ፊት አሰልፎ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ደግሞ ቡድናቸው ሳያልፍ ለግል ብቻ ያለፉ ሯጮች አሉ። የቡድን ነጥብ ሲሰላ እነሱ ከመሃል ይወጣሉ። ስለዚህ ሠላሳኛ የገባ ልጅ ለቡድኑ 22 ሊያስመዘግብ ይችላል። ቅዳሜ በስልካችሁ ስትደምሩ ካልገጠመላችሁ ምክንያቱ ይህ ነው።

አልጀመርኩም | ኅዳር 12

ሴት ነኝ ጋሼ፣ ልክ ነዎት 😊 ገባኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

ቤቲ ዘሲልቨር ስፕሪንግ | ኅዳር 12

ጋሼ ያሉት ላይ ልጨምር። አምና በሴቶች ኖርዝ ካሮላይና ስቴት በ123 ነጥብ አሸነፈ። ኖርዘርን አሪዞና 124 ነበረው። አንድ ነጥብ! ማለትም አንዲት ልጅ አንዲት ሌላ ልጅ ብትቀድም ኖሮ ሁለቱ እኩል ይወጡ ነበር። በ2016 (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) ደግሞ ኦሪገን 125፣ ሚሺጋን 126። በ2022 በወንዶች ጭራሽ እኩል ወጡ፦ ኖርዘርን አሪዞና 83፣ ኦክላሆማ ስቴት 83። ያውም ውድድሩ ስቲልወተር ነበር፣ ኦክላሆማ ስቴት በገዛ ሜዳው። አንደኛውን ከአንደኛው፣ ሁለተኛውን ከሁለተኛው እያደረጉ አመሳከሩና ዋንጫው ለኖርዘርን አሪዞና ሆነ።

ስለዚህ በቡድን «እገሌ መቶ በመቶ ያሸንፋል» የሚል ሰው እኔ ጋ አይሠራም። የእኔ ግምት፦ ወንዶች ኦክላሆማ ስቴት፣ ሴቶች ብሪገም ያንግ። በግል ብላንክስና ዶሪስ።

የጭቃ ሹም | ኅዳር 12

ከትራክ ሰዓት እየገለበጣችሁ ትገምታላችሁ። የአገር አቋራጭን ውጤት ከትራክ ሰዓት መገመት ሜኑ አንብቦ እንደ መጥገብ ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ወንዶቹ ወቅቱን ሙሉ በአብዛኛው የሚሮጡት 8 ኪሎ ሜትር ነው። 10 የሚሆነው ክልል ማጣሪያውና ሻምፒዮናው ላይ ነው። መስከረም ላይ 8 ኪሎ ሜትር ያንቀጠቀጠ ልጅ ኅዳር ላይ ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሲሰበር ያያችሁ ታውቃላችሁ። ሁለት ኪሎ ሜትር በወረቀት ትንሽ ናት። በእግር ግን ሌላ ውድድር ናት።

ሁለተኛ፣ መነሻው። 31 ቡድን በሰባት ሰው፣ ከዚያ የግል ተወዳዳሪዎቹ፣ ድምሩ ከ250 በላይ ሰው በአንድ መስመር ይነሳል። መስኩ ሲጠብ ውስጥ የተቆለፈ ሯጭ እንደ ልቡ መውጣት አይችልም። ክርን አለ፣ ስፓይክ (ባለ ሹል ጫማ) አለ፣ መውደቅ አለ። ቶሎ ተነስቶ ሠላሳው ውስጥ ያልገባ ሯጭ ቀሪውን ሩጫ ሰው ሲያልፍ ይውላል። የሚያልፈው ደግሞ በዳር በኩል ነው፣ ረጅሙን መንገድ።

ማዲሰን የሣር ሜዳ ነው፣ ዳገት ቁልቁለቱ ብዙ። በ2018 እዚያው ሲካሄድ ሞርጋን ማክዶናልድ ያሸነፈበት ሰዓት 29:08.3 ነበር። ብርዱን ጨምሩበት። የእኔ ምርጫ ሀብቶም ነው። ሸካራ ሩጫ ይወዳል።

ሀብቶም ጥራይ | ኅዳር 12

ስሜን አይታችሁ ግምቴን እወቁ 😂

ግን ስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ወይኒ ኬላቲን አስታውሱ። እሷም ከኤርትራ፣ እሷም ኒው ሜክሲኮ። በ2018 እዚሁ ማዲሰን ላይ ዳኒ ጆንስ ቀደመቻትና ሁለተኛ ወጣች። በዓመቱ ተር ሆት ላይ ማንም አልደረሰባትም። ሁለተኛ የወጣ ሯጭ ክረምቱን ሙሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። አንደኛ የወጣውማ ተኝቷል።

ጃንሜዳ ልጅ | ኅዳር 12

ብላንክስ የተኛበትን አሳየኝ እስቲ! ፓሪስ ፍጻሜ ውስጥ ነው የተኛው? ከአይቪ ሊግ (ከነሃርቫርድ ሊግ) ወንድ ሆኖ ይህን ሻምፒዮና በግል ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ አይተኛም።

ኮሎራዶ ሐበሻ | ኅዳር 12

ከፍታውን ማንም አላነሳም? የኒው ሜክሲኮዎቹ አልበከርኪ 1,600 ሜትር አካባቢ፣ የብሪገም ያንጎቹ ፕሮቮ 1,400፣ የኖርዘርን አሪዞናዎቹ ፍላግስታፍ 2,100። ኖርዘርን አሪዞና ከ2016 እስከ 2022 ከነበሩት ሰባት ሻምፒዮናዎች ስድስቱን በወንዶች የበላው በምን ይመስላችኋል? አየሩ ነው። በመሃል ያመለጠችው የ2019ኟን ብሪገም ያንግ ወሰዳት፣ እሱም ተራራ ላይ ያለ ትምህርት ቤት።

ቤቲ ዘሲልቨር ስፕሪንግ | ኅዳር 12

ወንድሜ፣ ስቲልወተር ስንት ሜትር ላይ ነው? ሦስት መቶ ይሞላል? አምና ግን አሸንፏል። ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ራሊ ላይ ተቀምጦ በሴቶች ሦስት ዓመት በተከታታይ ወሰደ። የሃርቫርዱ ልጅ ደግሞ ባሕር ጠለል ላይ ነው የሚኖረው። ከፍታ ይጠቅማል። ብቻውን ግን ዋንጫ አያመጣም። እንዲያ ቢሆንማ አዲስ አበባ ያለ ሁሉ ሻምፒዮን በሆነ ነበር።

ይልቅ ሩጫው ውስጥ ያለውን ብልሃት እዩ። በ2022 ቫልቢ ተነጥላ ወጥታ ስትሄድ ሁላችንም አለቀ ብለን ነበር። ቱሂ ግን አልተከተለችም፤ በራሷ ፍጥነት ሄደች። መጨረሻው ኪሎ ሜትር ላይ ደርሳባት አለፈቻት። በ2023 ደግሞ ያችው ቫልቢ ቀድማ ወጥታ ማንም ሳይደርስባት በ18:55.2 ገባች። አንድ ዓይነት አሯሯጥ ነው፣ ውጤቱ ግን ሌላ። እንግዲህ ይህን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረን።

አልጀመርኩም | ኅዳር 13

አንድ ጥያቄ ላስቸግር። ኬንያዊ አለ፣ ኤርትራዊ አለ፣ ሱዳናዊም አይቻለሁ (የአርካንሳሱ ያሲን አብደላ፣ ፓሪስ ላይ ማራቶን የሮጠው)። የእኛ ልጆች የት ናቸው? አረንጓዴው ጎርፍ እዚህ ለምን አይደርስም?

ጋሽ ሰዓት ያዥ | ኅዳር 13

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ረዘም አድርጌ ልመልስ፣ ታገሱኝ።

አንደኛው ቋንቋ ነው። ኬንያዊ ልጅ ከልጅነቱ በእንግሊዝኛ ይማራል፣ የትምህርት ማስረጃው አሜሪካ ላለ ዩኒቨርሲቲ ቶሎ ይገባዋል። ይህ መንገድ ደግሞ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ሄንሪ ሮኖ በዋሽንግተን ስቴት ማልያ በ1976፣ 1977 እና 1979 ይህንኑ ሻምፒዮና አሸንፏል። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሌላውን እየሳበ መጣ። ኤድዋርድ ቼሴሬክ ለኦሪገን ከ2013 እስከ 2015 ሦስት ጊዜ በተከታታይ ወሰደ። አሰልጣኙ ኬንያ ውስጥ የሚደውልለት ሰው አለው። ኢትዮጵያ ውስጥ የለውም።

ሁለተኛውና ትልቁ ክለቦቻችን ናቸው። በቆጂ ወይም አሰላ ያለች ልጅ ፈጣን መሆኗ ከታወቀ ማን ይቀድማል? መቻል፣ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ፣ ፌዴራል ማረሚያ። ክለቡ ደመወዝ ይከፍላታል። ጃን ሜዳ ላይ ጥሩ ከሮጠች ለብሔራዊ ቡድን ትታጫለች። ማናጀሩ ቀጥሎ ይመጣል። ከዚያ የጎዳና ሩጫ ነው፣ ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው። እንዲህ የጀመረች ልጅ በኋላ ኮሌጅ ልግባ ብትል የአማተርነት ደንቡ ያስቸግራታል። የሽልማት ገንዘብ የበላ፣ ውል የፈረመ ሯጭ እንደ ልቡ አይገባም። ዕድሜም አለ፤ ትምህርት ጨርሶ ብዙ ቆይቶ የገባ ሰው ከመሮጫ ዘመኑ ይቀነስበታል።

እንግዲህ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ናት። እናት አባቷ ከእሷ ይጠብቃሉ። «አራት ዓመት ተማሪ ሁኚ፣ ገንዘቡ በኋላ ይመጣል» ብትያት ትሰማሻለች? እኔ አልፈርድባትም።

ቤቲ ዘሲልቨር ስፕሪንግ | ኅዳር 13

ጋሼ፣ በአክብሮት አንድ ቦታ ላይ አልስማማም። ለአንዷ የተሳካላት፣ ክለብ ውስጥ ለቀሩት መቶዎቹስ? ጉዳት ሲመጣ ክለቡ ያሰናብታል፣ እጇ ላይ ምንም ወረቀት የለም። ስኮላርሺፕ የያዘችዋ ቢያንስ ዲግሪዋን ይዛ ትወጣለች። አልሮጠችም እንኳ ነርስ ትሆናለች።

ገንዘቡም ቢሆን ተለውጧል። ከ2021 ጀምሮ የኮሌጅ ስፖርተኞች በስማቸው ማስታወቂያ እየሠሩ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል። የሚያሳዝነው በተማሪ ቪዛ የመጡት ብዙዎቹ ከዚህ አይጠቀሙም፤ ቪዛው ሥራ ይከለክላል። ስለዚህ ሀብቶምና ዶሪስ ከአሜሪካዊው እኩል ሮጠው እኩል አያገኙም። በዚህ ላይ የሚጮህ ሰው አላየሁም።

ጋሽ ሰዓት ያዥ | ኅዳር 13

ስለ ጉዳቱ ያልሽው እውነት ነው ልጄ። ከክለብ ተሰናብተው አዲስ አበባ ጥበቃ የሚሠሩ ልጆች አውቃለሁ።

ኮሎራዶ ሐበሻ | ኅዳር 13

እዚህ ያደጉትን አትርሱ። ግርማ መቸሶ ልጅ ሆኖ ጆርጂያ መጥቶ ለኦክላሆማ ስቴት ሮጧል። ያሬድ ኑጉሴ እናት አባቱ ከኢትዮጵያ ናቸው፣ ኬንታኪ ተወልዶ ለኖትር ዳም ሮጠ፣ አሁን የኦሊምፒክ 1,500 ነሐስ አለው። ወደፊት ስማችንን ብዙ የምናይበት መንገድ ይህ ይመስለኛል፤ ከበቆጂ በቀጥታ ሳይሆን እዚህ አሜሪካ ባሉት በኦሮራና በአሌክሳንድሪያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በኩል።

ስሙ ይቆየን | ኅዳር 13

ኤርትራዊ ሲያሸንፍ እናንተ ምን አስጨፈራችሁ?

ሀብቶም ጥራይ | ኅዳር 13

ማን ከለከለህ፣ አንተም ጨፍር።

አወያይ | ኅዳር 13

ወደ ፖለቲካ የሚሄደውን አጠፋዋለሁ። ስለ ሩጫው ጻፉ።

የጭቃ ሹም | ኅዳር 13

ወደ ነገራችን። በወንዶች ቡድን ማንም አይዋ ስቴትን አላነሳም። እኔ ሁለት ውስጥ አስገባዋለሁ። ቢግ 12 በሚባለው ሊግ ውስጥ ከብሪገም ያንግና ከኦክላሆማ ስቴት ጋር ሲተጋተግ የከረመ ቡድን ማዲሰን ላይ አይደነግጥም።

ግን ለአንደኝነት ከጃንሜዳ ልጅ ጋር ነኝ፣ ብሪገም ያንግ። የአሰልጣኙን ስም እዩ፣ ኤድ አይስቶን። ራሱ በ1984 ይህንኑ ሻምፒዮና በግል አሸንፏል። ፓሪስ ላይ ታምራት ቶላ ማራቶኑን ሲወስድ 8ኛና 9ኛ የወጡት ኮነር ማንትዝና ክሌይተን ያንግ የእሱ ልጆች ናቸው። ማንትዝ ኮሌጅ እያለ አገር አቋራጩን ሁለት ጊዜ ወስዷል። ደግሞ እዚያ ትምህርት ቤት ብዙዎቹ ልጆች በመሃል ሁለት ዓመት ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ይሄዳሉ። ሲመለሱ በሳል ሰው ሆነው ነው። የሃያ አራት ዓመት ጎልማሳ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ጋር ሲሮጥ ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ላይ ይለያል።

ደስ የሚለው ዜና፦ ነገ ከቺካጎ በመኪና እሄዳለሁ። ከሜዳ እጽፍላችኋለሁ።

አልጀመርኩም | ኅዳር 13

እኔም ልገምት? ሀብቶም፣ ዶሪስ፣ ብሪገም ያንግ ሁለቱንም። ምንም ምክንያት የለኝም።

ጋሽ ሰዓት ያዥ | ኅዳር 14

ብላንክስ። ዶሪስ። ወንዶች አይዋ ስቴት፣ ሴቶች ብሪገም ያንግ። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ለእናንተ ምሽት ላይ ነው። ቡናችሁን አፍሉና ተቀመጡ።

የጭቃ ሹም | ኅዳር 14፣ ከሜዳ

ብርዱ ጉድ ነው። ጣቴ አይታዘዝም፣ ፊደል ብስት እለፉኝ።

ሴቶቹ አልቋል። ዶሪስ ሌምንጎሌ 19:21.0! ፓሜላ ኮስጌይ ከኒው ሜክሲኮ ሁለተኛ፣ ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት።

ግን ትኩረቴ ፊቱ ላይ አልነበረም። የቆምኩት ከማጠናቀቂያው ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። አሸናፊዎቹ ካለፉ በኋላ ትንሽ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ከሠላሳኛው ጀምሮ ጎርፉ ይመጣል። አሥር ልጅ በአንድ ትንፋሽ ትገባለች። አንዷ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ አንዷ እጇ እንደ ክንፍ ተዘርግቶ፣ አንዷ ዓይኗ መስመሩ ላይ ሳይሆን አጠገቧ ባለው ማልያ ቀለም ላይ። አጠገቤ የቆመች ሴትዮ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ማልያ ስትቆጥር ነበር። መሃል ላይ ጠፋባትና ወረቀቱን ኪሷ ከተተችው።

ቤቲ ዘሲልቨር ስፕሪንግ | ኅዳር 14

ቡድኑ ወጣ! ብሪገም ያንግ 147፣ ዌስት ቨርጂኒያ 164፣ ፕሮቪደንስ 183። አያችሁ 147 ነጥብ? የማንም ቡድን አምስት ልጅ ፊት አልነበረም። መሃል ላይ ነው የተሸነፉትም ያሸነፉትም።

ሀብቶም ጥራይ | ኅዳር 14

ወንዶቹ ተነስተዋል። ሀብቶም ፊት ነው። ልቤ።

ሀብቶም ጥራይ | ኅዳር 14

ሁለቱ ብቻ ቀሩ

ሀብቶም ጥራይ | ኅዳር 14

አይ።

ጃንሜዳ ልጅ | ኅዳር 14

ብላንክስ 28:37.2! ሀብቶም ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ሁለተኛ። አምና 28:37.7፣ ዘንድሮ 28:37.2። ቨርጂኒያና ማዲሰን የማይመሳሰሉ ሜዳዎች ናቸው፣ ሰውየው ግን እንደ ሰዓት ነው የሚሮጠው።

የጭቃ ሹም | ኅዳር 14፣ ከሜዳ

በፊቴ ሲያልፉ ትከሻ ለትከሻ ነበሩ ማለት ይቻላል። ሀብቶም አልሰጠውም። ብላንክስ ግን አጨራረስ አለው፤ ያ ልጅ 5,000 ሜትር ሯጭ ነው፣ መጨረሻው ላይ የቀረው ነገር ነበረው።

ቤቲ ዘሲልቨር ስፕሪንግ | ኅዳር 14

ወንዶች ቡድን፦ ብሪገም ያንግ 124፣ አይዋ ስቴት 137፣ አርካንሳስ 202። የጭቃ ሹም አይዋ ስቴትን ሁለት ውስጥ ብሎ ነበር፣ ይመዝገብለት። ጃንሜዳ ልጅ አራቱንም መታ።

ጃንሜዳ ልጅ | ኅዳር 14

ልመርቃችሁ ወይስ ይበቃል? 😎

ኮሎራዶ ሐበሻ | ኅዳር 15

በአንድ ቀን ወንዶችንም ሴቶችንም የወሰደ ትምህርት ቤት ከ2004 ወዲህ አልነበረም። ያኔ ማን ነበር? ኮሎራዶ። ይህንን ብቻ ነው ልናገር የመጣሁት።

ጋሽ ሰዓት ያዥ | ኅዳር 15

ሀብቶም ላይ አንድ ነገር ልበል። ሁለት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ መውጣት በጣም ከባድ ነው፤ አሠልጣኞች የሚፈሩት ነገር ነው። ሰውየው መጨረሻ ላይ መቀደምን ሊለምደው ይችላል። ለሚቀጥለው ዓመት እኔ ብሆን አጨራረስ ላይ አልጠብቅም። ከሩቅ አስጀምረዋለሁ፣ ባላጋራው እግሩ ሳይቀር እንዲደርቅ።

ሀብቶም ጥራይ | ኅዳር 13፣ 2018

ይህን ክር ከመቃብር ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሀብቶም አሸነፈ! ኮሎምቢያ፣ ሚዙሪ! የኮሌጆች አገር አቋራጭ ሻምፒዮን! እልልልል!

አልጀመርኩም | ኅዳር 13፣ 2018

እልልልል! እኔ አምና ነው የገመትኩት፣ አንድ ዓመት ቀደምኩ እንጂ 😂

ቤቲ ዘሲልቨር ስፕሪንግ | ኅዳር 13፣ 2018

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ፣ ይገባሃል። ዶሪስም ደገመች። ከክረምቱ በፊት መሰናክሉን 8:58.15 ሮጣ ከዘጠኝ ደቂቃ በታች የገባች የመጀመሪያዋ የኮሌጅ ሯጭ ስለሆነች የገረመው ሰው ያለ አይመስለኝም። ቡድኑ ደግሞ ወደ ድሮው ተመለሰ፦ በወንዶች ኦክላሆማ ስቴት፣ በሴቶች ኖርዝ ካሮላይና ስቴት። ሁለቱም የቆላ ትምህርት ቤቶች ናቸው፣ ኮሎራዶ ሐበሻ ይስማ።

ኮሎራዶ ሐበሻ | ኅዳር 13፣ 2018

ሰምቻለሁ። የግሉን የወሰደው ግን አልበከርኪ ነው የሚኖረው።

የጭቃ ሹም | ኅዳር 14፣ 2018

ብላንክስ ፕሮፌሽናል ሆኖ ሄዷል፤ ስለዚህ «ባላንጣው ስለሌለ ነው» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። ቀድሜ ልመልስለት። የተሰለፈውን ነው የምትቀድመው፣ ያልተሰለፈውን ማን ይቀድማል? ቱሂና ቫልቢ ሲሄዱ ዶሪስን እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም።

ጃንሜዳ ልጅ | ኅዳር 14፣ 2018

ጥር 2 ደግሞ የዓለም አገር አቋራጭ ታላሃሲ፣ ፍሎሪዳ ላይ ነው። ሜዳው በ2021 የኮሌጆቹ ሻምፒዮና የተካሄደበት ነው፣ ማንትዝ በ28:33.1 ያሸነፈበት። እዚያ ቆጠራው በአራት ሰው ነው፣ ጋሼ እንዳሉት። በሪሁ አረጋዊ በዚሁ ውድድር ባተርስት ሁለተኛ፣ ቤልግሬድ ሁለተኛ፣ ሁለቱንም ከኡጋንዳው ኪፕሊሞ ጀርባ። ለእሱስ ምን ትላላችሁ?

ጋሽ ሰዓት ያዥ | ኅዳር 14፣ 2018

አዲስ ክር ክፈትለት። ይኸኛው ረዝሟል። እኔ መጀመሪያ የማየው አራተኛው ልጃችን ማን እንደሆነ ነው።